ከማዕከላዊ ማሞቂያ የተነሣ ታይመርና ቴርሞስታት ለቤት ቦይለር ያገለግላል ወይ? የሽቦ አያያዙስ እንዴት ነው? (አዳማ)

የፍራንኮው ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። በመታጠቢያ ቤታችን ግድግዳ ላይ 80 ሊትር የሚይዝ ባለ 2000 ዋት የኤሌክትሪክ ቦይለር የተሰቀለ ሲሆን፣ ውኃውን የሚያገኘው ጣሪያ ላይ ከተቀመጠው ሮቶ ነው። እስካሁን ማታ እያበራን ጧት እያጠፋን ቆይተናል፤ አንዳንዴም ማጥፋቱን ረስተን ቀኑን ሙሉ ይውላል። የመብራት ሂሳባችን ከፍ በማለቱ ነገሩን ሥርዓት ለማስያዝ አሰብኩ።

እንግሊዝ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ቤቱን ሲያድስ ከማዕከላዊ ማሞቂያው ላይ የተነሡ ሦስት ዕቃዎችን ላከልኝ። አንደኛው ሰዓትና ፕሮግራም የሚሞላበት ባለ ሁለት መስመር ታይመር ነው፤ ከጀርባው የኒውትራልና የፌዝ ማሰሪያ፣ ከዚያም 1፣ 2፣ 3 እና 4 የሚሉ ቁጥሮች አሉበት። ሁለተኛው የክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ መዞሪያው ከ5 እስከ 30 ዲግሪ የሚል ቴርሞስታት ነው። ሦስተኛው በተጠማዛዥ ማሰሪያ ጋን ላይ የሚታሰር አነስተኛ ቴርሞስታት ነው። ታይመሩ ላይ «3(1) አምፔር፣ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ አለ።

አንድ የሰፈር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ ባሳየው፣ የቦይለሩን ፌዝ በቀጥታ በታይመሩ ውስጥ አሳልፎ እንደሚያስርልኝ፣ በቦይለሩ ሆድ ውስጥ ያለውንም ቴርሞስታት ነቅሎ «ይኼኛው የውጭ ስለሆነ ይሻላል» በሚል በመጣው እንደሚተካልኝ ነገረኝ። ልቤ ስላልተቀበለው ሥራውን አስቁሜ ወደ እናንተ መጣሁ። አያያዙ ትክክል ነው ወይ? ካልሆነስ እንዴት መሆን አለበት?

ሽቦና ብሬከር

ወንድማችን፣ ማስቆምዎ ትክክል ነው። እኔም እዚሁ አዳማ በዚሁ ሙያ የምተዳደር ስለሆንኩ በዝርዝር ልመልስልዎ።

በመጀመሪያ ታይመሩ ላይ የተጻፈውን እናንብብ። «3(1) አምፔር» ማለት ውስጡ ያለው መገናኛ እንደ ማሞቂያ ኤለመንት ያለ ቀጥተኛ ጭነት ሲሆን እስከ 3 አምፔር፣ እንደ ሞተር ያለ ጥቅል ሽቦ ያለበት ጭነት ሲሆን ደግሞ በቅንፍ እንደተጻፈው እስከ 1 አምፔር ብቻ ይችላል ማለት ነው። የእርስዎ ቦይለር 2000 ዋት ነው፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ከፍ ይላል። መገናኛው ከሚችለው ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ አያያዝ የመጀመሪያ ቀን ይሠራል፣ ሳምንትም ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን መገናኛው ወይ ይቃጠላል፣ ወይም ተበይዶ ይቀራል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ታይመሩ ስክሪኑ ላይ «ጠፍቷል» እያለ ኤለመንቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሞቅ ያድራል።

ስለዚህ በመካከል ኮንታክተር ያስፈልጋል። ኮንታክተር በጥቂት ዋት ታዝዞ ትልቁን ጭነት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። ብሬከር በሚገጠምበት ሐዲድ ላይ የሚቀመጥ፣ ባለ ሁለት መስመር፣ 25 አምፔር የሚችል፣ ኮይሉ (ትእዛዙን የሚቀበለው ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ) በ220 ወይም በ230 ቮልት የሚሠራ ይግዙ። ታይመሩ የሚያዝዘው ኮይሉን ብቻ ይሆናል፤ ኮይል ጥቅል ሽቦ ስለሆነ የሚቆጠረው በቅንፍ ያለው 1 አምፔር ነው፤ ለዚያም ከበቂ በላይ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ከዋናው ሰሌዳ ለቦይለሩ ብቻ የሚሆን፣ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚቆርጥ ባለ 16 አምፔር ብሬከር እና በተለምዶ አርሲዲ የምንለው፣ ኃይል ከመስመሩ ውጭ ሲያፈስስ በ30 ሚሊአምፔር የሚጥል (የሚቆርጥ) መከላከያ ይኑር። ከዚያ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ሆኖ በኮንታክተሩ ዋና መገናኛዎች በኩል ወደ ቦይለሩ ይሄዳል። ሁለተኛው ቀጭኑ የትእዛዝ መስመር ሲሆን፣ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ አልፎ ወደ ታይመሩ ፌዝና ኒውትራል ይገባል፤ ከታይመሩ መውጫ ወደ ኮይሉ ኤ1 ይሄዳል፣ የኮይሉ ኤ2 ወደ ኒውትራል ይመለሳል። ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ በየትኛውም ማብሪያ ሳያልፍ፣ ሳይቆረጥ የቦይለሩ አካል ላይ ይታሰር። ቀድሞ ግራውንዱን ከብረት ቧንቧ ጋር አስረው የሚሄዱ ነበሩ፤ አሁን አብዛኛው ቤት የፒፒአር ፕላስቲክ ቧንቧ ስለሆነ ያ ዘዴ ከመሬት ጋር አያገናኝም።

በትእዛዙ መስመርም ሆነ በዋናው መስመር ነጠላ መገናኛ ያለው ነገር ሁሉ የሚቆርጠው ፌዙን መሆን አለበት። በቤታችን የሽቦ ቀለም ማመን አይቻልም፤ ቀዩ ኒውትራል፣ ጥቁሩ ፌዝ ሆኖ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። በመልቲሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ይገባል፣ ባለ መብራቷ የቴስተር ካቻቢቴ ብቻ አትበቃም።

የቦይለሩን ቴርሞስታት የመንቀሉ ነገር ግን ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ምክንያቱን ሌላ ሰው ካልጻፈው እመለስበታለሁ።

ከሊድስ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር ማዕከላዊ ማሞቂያ በመግጠም ሥራ ላይ ስላለሁ፣ ዕቃዎቹ ከየት እንደመጡና ለምን እንዲህ አነስተኛ አምፔር እንደተጻፈባቸው ባስረዳ ይጠቅም ይሆናል።

እዚህ አገር ቤት የሚሞቀው በአብዛኛው ጋዝ በሚያቃጥል ቦይለር ነው። ቦይለሩ ውኃ ያሞቃል፣ ፓምፕ ውኃውን በየክፍሉ ወደተገጠሙት ራዲያተሮች ይገፋል። ስለዚህ ታይመሩና ቴርሞስታቱ የሚያስተላልፉት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ከባድ ጭነት በእነርሱ ውስጥ አያልፍም። ታይመሩ በተሞላለት ሰዓት ፌዝ ወደ ክፍሉ ቴርሞስታት ይልካል፤ ክፍሉ ከተፈለገው በታች ከቀዘቀዘ ቴርሞስታቱ ያስተላልፈዋል፤ ከዚያ በሞተር የሚከፈተው ቫልቭ በቡናማ ሽቦው ትእዛዙን ተቀብሎ ይከፈታል። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ውስጡ ያለች ትንሽ ማብሪያ ግራጫውን ሽቦ ከብርቱካናማው ጋር ታገናኛለች፤ ብርቱካናማው ነው ቦይለሩንና ፓምፑን የሚያስነሣው። ቫልቩ ሳይከፈት ቦይለሩ እንዳይነድ የተበጀ ቅደም ተከተል ነው። መላው የትእዛዝ መስመር ኃይል የሚያገኘው ከአንድ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ሲሆን፣ እርሱ ሲነቀል ሁሉም አብሮ ይሞታል። ሽቦና ብሬከር የጻፉት የትእዛዝ መስመርም ከዚያው ከቦይለሩ ብሬከር ሥር መነሣቱ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ከሌላ ብሬከር ቢነሣ ኖሮ አንዱን አጥፍቶ የሚጠግን ሰው በሌላኛው ይያዝ ነበር።

ወደ ቁጥሮቹ ስንመጣ፣ በዚህ ዓይነቱ ባለ ሁለት መስመር ታይመር ላይ በተለመደው አሠራር 3 ቁጥር ለሙቅ ውኃ፣ 4 ቁጥር ለክፍል ማሞቂያ ሲበራ ፌዝ የሚወጣባቸው ናቸው፤ 1 እና 2 ደግሞ ሲጠፋ የሚወጣባቸው ናቸው። እርስዎ የሚፈልጉት 3 ቁጥርን ነው። ይሁንና ዕቃው ከመታሰሩ በፊት ኃይል ብቻ ሰጥቶ በመልቲሜትር መፈተሽ አይጎዳም። ከጀርባው ወይም ከጎኑ ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ ካለች፣ ሁለቱ መስመሮች ተለያይተው እንዲሠሩ ወይም አንዱ ከሌላው ጋር እንዲታሰር የምትወስን ናት። ተለያይተው የሚሠሩበት ላይ ያድርጓት፤ አለበለዚያ የማይፈልጉትን መስመር ሲነኩ ሙቅ ውኃውም አብሮ ይነሣል።

ሁለቱን ቴርሞስታቶች በተመለከተ ግን ተስፋ አልሰጥዎትም። የክፍሉ ቴርሞስታት የሚለካው አየር ነው። አዳማ ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቢለጥፉት የሚነግርዎ የመታጠቢያ ቤቱን ሙቀት እንጂ የውኃውን አይደለም። ጋን ላይ የሚታሰረው ደግሞ የተሠራው ለእኛ አገር የመዳብ ጋን ነው፤ መከላከያ ፎሙ በመጠኑ ተቆርጦ ከራሱ ከመዳቡ ጋር ተነካክቶ፣ ከጋኑ ግርጌ ወደ አንድ ሦስተኛው ከፍታ ላይ ይታሰራል። የእርስዎ ቦይለር ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከመካከል ፎም፣ ከውስጥ ጋን ነው። በቆርቆሮው ላይ ቢያስሩት ውኃው 60 ዲግሪ ደርሶ እርሱ ገና 25 ነው ብሎ ያስባል።

ፀሐይ ይበቃናል

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አዳማ ላይ ሆኖ ለውኃ ማሞቂያ ይህን ያህል ሽቦ መዘርጋት አይገርማችሁም? ጥቁር ሮቶ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ከሰዓት በኋላ የሚወጣው ውኃ ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው።

የሐዋሳዋ መሐንዲስ

ከሰዓት በኋላ መታጠብ ለሚችል ሰው እውነት ነው። ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ልጆች ትምህርት ቤት የሚልክ ቤት ግን ሮቶው ሌሊቱን ቀዝቅዞ ነው የሚያገኘው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ አዳማም ሐዋሳም ሌሊቱ ይበርዳል።

ወደ ጥያቄው ልመለስና ጥቂት ስሌት ላቅርብ፤ ታይመር የሚሞላ ሰው ሰዓቱን በግምት ሳይሆን በስሌት ቢሞላው ይሻላልና። 80 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል። በ2000 ዋት ኤለመንት ይህ ወደ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። እንግዲህ «ለአንድ ሰዓት ብቻ ይብራ» ብለው የሚሞሉ ሰዎች ለብ ያለ ውኃ አግኝተው ቦይለሩን ያማርራሉ።

ይህ ግን ቮልቴጁ ሙሉ ሲሆን ነው። ኤለመንት የሚያወጣው ሙቀት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ መስመሩ ወደ 180 ቮልት ሲወድቅ ባለ 2000 ዋቱ ኤለመንት 1340 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ያው ውኃ ያኔ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። የሚባክን ኃይል የለም፣ የሚባክነው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ከሚያበራበት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ያለውን መሸሽ ብልህነት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እስከ ጧት 12 ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ፣ ማታ የሚታጠብ ሰው ካለም ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ሁለተኛ ጊዜ ቢሞላ ይበቃል። ቴርሞስታቱ ውኃው ሲደርስ ራሱ ስለሚቆርጥ፣ መስኮቱን ትንሽ ማስፋት ገንዘብ አያስወጣም።

አሁን ደግሞ ጠያቂው ላይወዱት የሚችሉትን ልናገር። ታይመር የሚያተርፈው ሰዎች እንደሚያስቡት ብዙ አይደለም። ይህን የሚያክል ደኅና ፎም ያለው ቦይለር ቀኑን ሙሉ በርቶ ሲውል፣ ማንም ውኃ ባይቀዳበት በቀን የሚያባክነው ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ታይመር የሚቀንሰው ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ብቻ ነው። የሂሳቡ ትልቁ ክፍል የተቀዳው ሙቅ ውኃ ራሱ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን የሚጨምር በመሆኑ ያቺ ትንሽ ቅናሽም ከታችኛው እርከን ላይ ልታቆያችሁ ትችላለች፤ ነገር ግን ሂሳቡ በግማሽ ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

ታይመር በእርግጥ ዋጋውን የሚመልሰው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ላይ ነው። እኛ ሐዋሳ ጣሪያችን ላይ ያለው ማሞቂያ በጋኑ ውስጥ መጠባበቂያ የኤሌክትሪክ ኤለመንት አለው። ኤለመንቱ በቴርሞስታት ብቻ ሲሠራ፣ ማታ የተቀዳውን ውኃ ሌሊቱን በኤሌክትሪክ ይሞላዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ጋኑ ቀድሞ ሞቆ ስለሚጠብቃት የምትጨምረው ነገር አይኖራትም። ኤለመንቱን ፀሐይ ከወረደች በኋላ፣ ሰው ከመታጠቡ በፊት ባለው አጭር ጊዜ ብቻ የጎደለውን እንዲሞላ በታይመር መገደብ ያስፈልጋል።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ ደግሞ የምጠይቀው አለኝ። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ስላሉ የቦይለሩን መዞሪያ 40 ላይ አድርጌዋለሁ፤ ኃይልም ይቆጥባል ብዬ ነው። ቴርሞስታቱን እንዲህ ዝቅ ማድረግ ጉዳት አለው?

የሐዋሳዋ መሐንዲስ

እህቴ፣ ሐሳብሽ ከደግነት የመጣ ነው፤ ግን 40 ዲግሪ ለተከማቸ ውኃ መልካም ቁጥር አይደለም። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል፤ ከሻወር በሚወጣው ብናኝ ውስጥ ገብቶ ሲተነፈስ ከባድ የሳንባ ምች ያስከትላል። ለዚህ ነው የተከማቸ ውኃ 60 ዲግሪ ይሁን የሚባለው። በሌላ በኩል 60 ዲግሪ የሆነ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ። ሁለቱን የሚያስታርቀው ቦይለሩ 60 ላይ ሆኖ፣ ከመውጫው በኋላ ሙቁንና ቀዝቃዛውን በራሱ መጥኖ የሚያደባልቅ ቴርሞስታቲክ ቫልቭ መግጠም ነው። እርሱ እስኪገኝ ድረስ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈት፣ ልጆቹንም ብቻቸውን ቧንቧ አለማስነካት።

ሽቦና ብሬከር

ስለ ቦይለሩ ቴርሞስታት እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

የቦይለሩ የታችኛው ክዳን ሲከፈት ኤለመንቱ የተሰካበት ክብ ሳህን ይታያል። በመካከሉ ከውስጥ ወደ ውኃው የገባ ዘንግ ያለው ቴርሞስታት አለ። ከእርሱ ጋር ወይም ከጎኑ ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነች፣ በጣት የምትጫን ቁልፍ ትገኛለች። እርስዋ የደኅንነት መቁረጫዋ ናት። ቴርሞስታቱ ተበይዶ ውኃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ፣ ብዙውን ጊዜ በ85 እና 90 ዲግሪ መካከል ሁለቱንም ሽቦ ትቆርጣለች፤ ሰው መጥቶ ካልጫናት አትመለስም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በመቁረጫዋና በመፍላቱ መካከል ያለው ርቀት ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ያነሰ ነው ማለት ነው። ይህችን ነቅሎ ወይም በሽቦ አሻግሮ ቦይለር የሚያስነሣ ሠራተኛ ቤቱ ውስጥ በእሳት ላይ የተጣደ ዝግ ጋን ትቶ ይሄዳል። ታይመር መቼ እንደሚበራ ይወስናል፣ ቴርሞስታት እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ይወስናል፣ መቁረጫዋ ሁለቱም ሲከሽፉ ትቆማለች። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

መቁረጫዋ ደጋግማ የምትቆርጥ ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ መጫን መፍትሔ አይደለም። ወይ ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል፣ ወይ ኤለመንቱ በኖራ ተጋግሯል፣ ወይ ማሰሪያው ላልቷል። በተለይ የመጨረሻውን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ከብሎኑ ሥር ያለው የሽቦ ልባስ ቡናማ ሆኖ ወደ ኋላ ተሰብስቦ፣ መዳቡ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ በአንድ ጎኑ ቀልጦ ይገኛል። እንዲህ ያለውን በናስትሮ ጠቅልሎ መመለስ የለበትም፤ የተቃጠለውን ያህል ቆርጦ፣ አዲስ መዳብ አውጥቶ፣ ሽቦው ባለ ብዙ ዘንግ ከሆነ ጫፉን በማሰሪያ ቱቦ አጥብቆ ማሰር ነው።

ቀበሌው ውኃ በፈረቃ

በጣም ጠቃሚ ውይይት ነው። ግን አንድ ነገር የተዘለለ መሰለኝ። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሮቶው ባዶ የሚሆንበት ሌሊት አለ። ሰው ራሱ ሲያበራ ቢያንስ ቧንቧውን ከፍቶ ያያል። ታይመሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሲነሣ ማን ያያል?

ሽቦና ብሬከር

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በታይመር ከሚመጡት አደጋዎች ዋነኛው ይኸው ነው።

በትክክል የተገጠመ ቦይለር ሮቶው ቢያልቅም ቶሎ ባዶ አይሆንም፤ ሙቁ ውኃ የሚወጣው ከጋኑ አናት ላይ በሚነሣ ቱቦ ስለሆነ፣ አዲስ ውኃ ከታች ካልገፋው አይፈስስም። ባዶ የሚሆነው ውኃው በቀዝቃዛው መግቢያ በኩል ወደ ኋላ ሲመለስ ነው፤ ለምሳሌ ሮቶው አልቆ ከቦይለሩ ዝቅ ያለ ቧንቧ ሲከፈት። ይህን የሚከላከለው ከመግቢያው ላይ ያለው፣ ግፊት ማስተንፈሻና የማይመልስ ቫልቭ በአንድ ላይ የያዘው ዕቃ ነው። ቆሻሻ ከያዘው ወይም ከነጭራሹ ካልተገጠመ ጋኑ በቀስታ ይራቆታል፤ ኤለመንቱ በደረቁ ሲበራ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

መድኃኒቱ ሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማስገባትና የትእዛዙን ፌዝ በእርሱ በኩል ማሳለፍ ነው። ከታይመሩ 3 ቁጥር ወጥቶ በተንሳፋፊው አልፎ ወደ ኤ1 ይገባል፤ ውኃው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ተንሳፋፊው መስመሩን ይቆርጥና ኮንታክተሩ አይነሣም። ውኃ ውስጥ የሚገባ ነገር ስለሆነ ኬብሉ በፋብሪካ የታሸገ፣ ከሮቶው ውስጥ ምንም ቅጥያ የሌለው ይሁን፤ አርሲዲውም የግድ ነው፤ ያለ እርሱ ይህን ዘዴ አልመክርም።

ያንኑ ቫልቭ ካነሣን ዘንድ፣ ቦይለሩ ሲሞቅ ከማስተንፈሻው ውኃ የሚንጠባጠበው ተበላሽቶ አይደለም። 80 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 1.2 ሊትር ያህል ይሰፋል፤ ያ ውኃ መውጫ ይፈልጋል። «ያንጠባጥባል» ብለው በእንጨት ወይም በላስቲክ የሚደፍኑት ሰዎች አይቻለሁ። በቱቦ ወደ ፍሳሽ መምራት እንጂ መድፈን ፈጽሞ አይገባም።

የፍራንኮው ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮንታክተር፣ ፊውዝና አርሲዲ ገዝቻለሁ፤ ሌላ ሠራተኛም አግኝቻለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ታይመሩን ሳበራው ሰዓቱ ከእኛ ጋር አይገናኝም፣ እንዴት ልሙላው? ደግሞም መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ ከዜሮ ይጀምራል ወይ?

ከሊድስ

ሰዓቱን በሁለት መንገድ መሙላት ይችላሉ። አንደኛው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ ያኔ የእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል 4:30፣ ጧት 12 ሰዓት ተኩል 6:30 ይሆናል። ሁለተኛው ታይመሩ ራሱ በኢትዮጵያ ሰዓት እንዲሄድ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መሙላት ነው፤ ጧት 12 ሰዓት ላይ 0:00 ያሳያል። ለዓይን ይቀልላል፣ ነገር ግን የታይመሩ ቀን የሚለወጠው ጧት 12 ሰዓት ላይ ስለሚሆን፣ ለሰኞ ጧት የሚሞሉት የሌሊት ፕሮግራም በእሑድ ሥር ይመዘገባል። ለቅዳሜና እሑድ የተለየ ፕሮግራም የሚሞሉ ከሆነ በዚህ ይሳሳታሉ፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ችግር የለውም።

በምርጫዎቹ ውስጥ ገብተው የበጋ ሰዓት ለውጥን ያጥፉ። እዚህ አገር በመጋቢት መጨረሻ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በጥቅምት መጨረሻ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ብዙዎቹ ታይመሮች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል። ኢትዮጵያ ሰዓት ስለማትለውጥ፣ ካላጠፉት ቦይለሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ይዛነፋል።

መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ የሚቆየው ውስጡ ባትሪ ካለ ነው። ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራም ሞልተው፣ ብሬከሩን ለጥቂት ሰዓት አጥፍተው ይፈትሹት። ከገበያ የሚገዛው ባለ መዞሪያ ሜካኒካል ታይመር ከሆነ ደግሞ መጠባበቂያ የሌለው ዓይነት መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል፤ ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ለእናንተ ከተማ መጠባበቂያ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ሽቦና ብሬከር

እኔም ስለ መብራቱ ልጨምር። ኮንታክተር በአስተማማኝ የሚሠራው ኮይሉ ከተጻፈበት ቮልቴጅ ቢያንስ 85 ከመቶ ሲያገኝ ነው፤ ለ220 ቮልት ኮይል 187 መሆኑ ነው። ቮልቴጅ ከዚያ ሲወርድ እየያዘ እየለቀቀ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ከሳጥኑ ውስጥ እንደ ትልቅ ጢንዚዛ ይሰማል። በዚያ መንቀጥቀጥ ውስጥ መገናኛዎቹ በብልጭታ ይበላሉ። ሰፈርዎ ቮልቴጅ የሚዋዥቅ ከሆነ ከኮንታክተሩ በፊት ቮልቴጅ ሲወርድ ቆርጦ፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኝ መከላከያ ያስገቡ። እዚህ ላይም ዕቃው ጭነቱን ራሱ የሚያሳልፍ ከሆነ የአምፔሩን ቁጥር ይመልከቱ። የማቀዝቀዣ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ዓይነት ከትእዛዙ መስመር ላይ ቢያውሉት ይበቃል፤ ቦይለሩን ግን በዲቫይደርም ሆነ በተሰኪ መከላከያ በኩል አያሳልፉት።

ሠራተኛው ሲጨርስ ኃይል ከመስጠቱ በፊት እነዚህን ይለካ። ብሬከሩ ወድቆ በኤለመንቱ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው መቋቋም 24 ኦም አካባቢ መሆን አለበት፤ ለባለ 1500 ዋት ቢሆን 32 ይሆን ነበር። ከኤለመንቱ ጫፍ ወደ ቦይለሩ አካል ደግሞ ምንም ንክኪ መታየት የለበትም። ጋኑ በውኃ መሙላቱ የሚታወቀው የሙቁ ቧንቧ ተከፍቶ አየር ሳይተፋ ሲፈስስ ነው። ከዚያ የትእዛዙን መስመር ብቻ አስነሥቶ ኮንታክተሩ በታይመሩ ሰዓት መያዙንና መልቀቁን ያዳምጥ፤ በመጨረሻ ጭነቱን ያገናኝ። የአርሲዲውን መፈተሻ ቁልፍ ይጫንና መጣሉን ይይ፤ እርስዎም ከዚያ በኋላ በየወሩ ይጫኑት። መዳብ እየሞቀ እየቀዘቀዘ ብሎን ስለሚያላላ፣ ከጥቂት ሳምንት አገልግሎት በኋላ ብሬከሩ ወድቆ ሁሉም ማሰሪያዎች እንደገና በካቻቢቴ ይጠበቁ።

ጫጩት አርቢ

ስለ ጣልቃ መግባቴ ይቅርታ። የክፍሉ ቴርሞስታት ለቦይለሩ ካልሆነ፣ ለጫጩት ቤት ማሞቂያ አምፖሎች ይሆነኛል ወይ? ጠያቂው ቢሸጥልኝ እገዛው ነበር።

ከሊድስ

ለመጀመሪያው ሳምንት አይሆንም። መዞሪያው 30 ላይ ያበቃል፣ ጫጩቶች ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ፣ ሙቀቱ በየሳምንቱ እየተቀነሰ ከ30 በታች ሲወርድ ይሠራል። ያኔም የአምፖሎቹን ዋት ደምረው፣ ከተጻፈበት አምፔር ካለፈ በኮንታክተር በኩል ያስሩት፤ አቧራና ላባ ከማይገባበት፣ በጫጩቶቹ ከፍታ ላይ ይስቀሉት።

የፍራንኮው ጠያቂ

ወንድሜ ጫጩት አርቢ፣ ሽያጭ አያስፈልግም፤ መጥተው ይውሰዱት። ጋን ላይ የሚታሰረውንም አብሬ እሰጥዎታለሁ።